ለባንኮክ 420 ሺህ ብር

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ቡና እየጠጣሁ ነበር። ቡናው ቀዘቀዘብኝ።

አንባቢ ነገሩ እንዲገባው ባጭሩ ልናገር። ጸሐፊዋ ኮምቦልቻ እንግሊዝኛ ታስተምራለች። ባለቤቷም የእንግሊዝኛ መምህር ነው፣ ሐይቅ። የሚኖሩት ደሴ ነው። ጠዋት እሷ ሀረጎን ቁልቁል ትወርዳለች፣ እሱ ወደ ሰሜን ይሄዳል፤ ማታ እቤት ይገናኛሉ። የሁለት ዓመት ልጅ አላቸው። ደመወዛቸው ለኪራይ፣ ለታክሲና ለወተት ሲባል ወሩ ሃያ ሳይሞላ ያልቃል። አሁን አንድ ደላላ "ባንኮክ ለባልና ሚስት መምህራን ሥራ አለ" ብሏቸዋል። ለሁለቱ 420 ሺህ ብር፤ በቱሪስት ቪዛ ገብተው "ፕሮሰሱ እዚያ ያልቃል"። ግማሹን ጂዳ ያለው ወንድሟ፣ ግማሹን አማቷ በሬዎቻቸውን ሸጠው ሊያበድሩ ተስማምተዋል። ጥያቄዎቿ አምስት ናቸው። እኔ ግን አንዱ ላይ ነው የምቆየው።

እህቴ፣ በዚህ መንገድ አትሂዱ።

ውጭ አገር ማስተማርን ጠልቼ አይደለም። እኔም አራት ዓመት ሶማሌላንድ፣ ሐርጌሳ አስተምሬያለሁ። ግን ይህ ገበያ ከዲግሪሽ በፊት ፓስፖርትሽን ነው የሚያየው። ደቡብ ኮሪያ ለእንግሊዝኛ መምህር የምትሰጠው የቋንቋ መምህርነት ቪዛ ለሰባት አገር ዜጎች ነው፦ ለአሜሪካ፣ ለእንግሊዝ፣ ለካናዳ፣ ለአየርላንድ፣ ለአውስትራሊያ፣ ለኒውዚላንድና ለደቡብ አፍሪካ። አንቺ ምንም ያህል ጎበዝ ብትሆኚ በሩ ላይ ትቀሪያለሽ። ታይላንድ ትሻላለች፤ የእኛን ፓስፖርት የያዘ መምህርም ይቀጠራል። ግን ዲግሪ፣ የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤትና የፖሊስ ማስረጃ ያስፈልጋል። ከሁሉ በፊት ደግሞ የሚቀጥርሽ ትምህርት ቤት ደብዳቤ። በሱ የሥራ ቪዛ ይገኛል፣ ከዚያ የሥራ ፈቃድ ይወጣል። አንዳንዱ እዚያ ገብቶ ቪዛ ይቀይራል፤ እሱም ቢሆን የትምህርት ቤቱን ወረቀት በእጁ ይዞ ነው። በቱሪስት ቪዛ ማስተማር እዚያ ሕገወጥ ነው። በቃ።

የካቲት 2017 ላይ የሆነውን ሰምተሽ ይሆናል። ምያንማር ድንበር ላይ ሰው ተገዶ ከሚሠራባቸው የኢንተርኔት ማጭበርበሪያ ግቢዎች 260 ሰዎች ወጥተው ለታይላንድ ተሰጡ። ከነሱ 138ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። እንዲህ ያለ ግቢ የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚነገረው "ባንኮክ ጥሩ ሥራ አለ" የሚል ነው። ደላላሽ ከነዚያ ነው አላልኩም። ግን በአራት ገጽ ደብዳቤ ውስጥ የትምህርት ቤቱን ስም አጣሁት። አንቺም አታውቂውም ማለት ነው።

ደግሞ ሕጉን እይው። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ 923/2008 የቪዛውንና የደርሶ መልስ ትኬቱን ወጪ አሠሪው ላይ ነው የጣለው። ሠራተኛው እንደ ፓስፖርት፣ የሰነድ ማረጋገጫና የሕክምና ምርመራ ያሉትን ይከፍላል። እና 420 ሺው የምንድን ነው?

አሁን ወደ በሬዎቹ ልምጣ።

አማትሽ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ያላቸውን ነው ያቀረቡት። ግን በሬ ተሽጦለት የሄደ ሰው መመለስ አይችልም። ወሎ ይህን ለማወቅ አማካሪ አያስፈልገውም። በባቲ በኩል ወጥተው፣ ባሕር ተሻግረው፣ "ምን ይዤ ልመለስ" እያሉ ዓመት በዓመት ላይ የሚጨምሩ ልጆች ያልወጡበት ሰፈር የለም። ዕዳ ያለበት መምህር ደመወዙ ሲዘገይ ዝም ይላል። ፓስፖርትህን አስቀምጥ ሲሉት ያስቀምጣል። መሄጃ እንደሌለው አሠሪውም ያውቃል፣ ዋጋውን የሚቆርጠው በዚያ ልክ ነው።

ሐርጌሳ መጀመሪያ የገባሁበት ትምህርት ቤት ሦስት ወር ሙሉ አልከፈለኝም። በአራተኛው ወር ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። ጀግንነት እንዳይመስልሽ። እስከ ደሴ የሚያደርሰኝ የመኪና ገንዘብ ኪሴ ውስጥ ነበረ፣ በስሜ የተሸጠ ከብትም አልነበረም። መሄዴን ሲያዩ የአንዱን ወር ሰጡኝ፤ የሁለቱ እስከ ዛሬ እነሱ ጋ ነው። ሳምንት ሳይሞላ ሌላ ትምህርት ቤት ገባሁ።

አባቴ እንግሊዝኛ የተማሩት ደሴ ከመጡት የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን ነው። የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያ የገቡት በ1955 መባቻ ግድም ነው። ስለነሱ ሲያወሩ "ደስተኛ ሰዎች ነበሩ" ይሉ ነበር። ይሆናሉ እንጂ! ሁለት ዓመት አስተምረው መመለሻቸው የታወቀ ነው፤ ለትኬቱ ላም የሸጠ ዘመድ የላቸውም።

ስለ ሐርጌሳ የምጽፈው ስለማውቀው ነው። እኔ የአምባሰሉ ውጫሌ ልጅ ነኝ፤ ወደዚያ የሚገባበት ድንበርም ቶጎ ውጫሌ ይባላል። ከውጫሌ ውጫሌ ነው የሄድኩት እያልኩ እቀልዳለሁ። ባለቤቴ በሁለተኛው ዓመት መጣች። አርብ ዕረፍት፣ ቅዳሜ ሥራ፤ ይሄ ለመልመድ ወራት ፈጀብን። ደመወዝ በዶላር ነው፣ ዛድ በሚሉት የስልክ ገንዘብ ይገባል። ጠዋት ክፍል፣ ቀትር ላይ ከተማው ይተኛል፣ ሲበርድ የማታ ተማሪ። ቁርስ ላሖሕ በሻይ፤ እሷ "የእንጀራ የእህት ልጅ" ትለው ነበር። ማታ ቡና እናፈላለን፣ አማርኛ የሚያወራ ጎረቤት ይመጣል፣ በረካው ሳይጠጣ የሚነሳ የለም። ሀብታም አልሆንንም። ግን ስንመለስ ዕዳ አልነበረብንም፣ ዛሬ የምንኖርበትን ቦታም የገዛነው በዚያ ነው። እርግጥ እዚያም ሰላሙን እያዩ ነው፤ በምሥራቅ በኩል ላስ አኖድ በ2015 ጦርነት ነበር። ሐርጌሳ ሐርጌሳ አበዛሁ መሰለኝ። ታይላንድም ቢሆን በትክክለኛው ወረቀት ከሆነ አልከለክልሽም።

ስለዚህ አንድ ዓመት ስጡት። የወጪ መጋራቱን ጨርሳችሁ ዋናውን ዲግሪና ትራንስክሪፕቱን አውጡ። አይኤልትስ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ፈተና ተፈተኑ። የጋብቻውንና የልጁን የልደት ሰርተፍኬት ጨምራችሁ ሰነዱን እስከ ውጭ ጉዳይ ድረስ አረጋግጡ። ለትምህርት ቤቶች ራሳችሁ ጻፉ፤ እንግሊዝኛ መምህር ሆናችሁ ደብዳቤ በደላላ አታጽፉ። እና የመመለሻውን ገንዘብና የሦስት ወር ቀለብ ከራሳችሁ ኪስ ሳታስቀምጡ ድንበር አትሻገሩ። በደመወዛችን አይጠራቀምም ትይኛለሽ። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። የማታ ማስጠናት ጀምሩ፤ ደሴ እንግሊዝኛ ለልጁ የሚፈልግ ወላጅ ሞልቷል።

ሌሎቹን በችኮላ። ስለ አነጋገራችሁ ቅላጼ አትጨነቁ፤ የሚገባ እንግሊዝኛ ይበቃል። ማስተርሱ ይቆይ። ልጁን አያቱ ጋ ጥሎ መሄድን እኔ አልመክርም፤ ሦስታችሁን የማያኖር ደመወዝ ከሆነ አትሂዱ። ሥራችሁን ከመልቀቃችሁ በፊት ያለ ደመወዝ ፈቃድ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ወንድምሽ "መምህር ሆኖ ማን አለፈለት" ላለው፣ እሱ በአሥራ አንድ ዓመት ጂዳ ለራሱ ምን እንዳስቀመጠ ጠይቂው። መልሱን ለእኔ መጻፍ የለብሽም።

አብሽሪ። ደላላው ሐሙስ ይደውላል ብለሻል። የትምህርት ቤቱን ስም፣ የርዕሰ መምህሩን ስልክና ኮንትራቱን ጠይቂው። "መጀመሪያ ቀብድ ክፈሉ" ካለሽ ስልኩን ዝጊና ለአማትሽ ደውይላቸው፤ ገበያ ሳይወጡ ድረሽባቸው።