ስማቸውን ያልጠየቅኋቸው ሴትዮ

ባለፈው ቅዳሜ ለወጣት ፎቶ አንሺዎች ስለ ጃፓን ፎቶግራፍ ሳወራ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ጋሼ፣ ከጠሯቸው ውስጥ አንድም ሴት የለችም። ጃፓን ሴት ፎቶ አንሺ አልነበራትም እንዴ?» አለችኝ። ስለ አንዷ ፎቶ አንሺ፣ ስለ ኢሺዩቺ ሚያኮ፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግሬ አለፍኩ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ይህን የምጽፈው ለእሷና ለእኩዮቿ ነው።

በ1980ዎቹ አጋማሽ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ለሥልጠና ጃፓን፣ ዮኮሃማ ከተማ ነበርኩ። ከማድርበት ቤት ጀርባ አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት ነበረች። የሚሠሩባት ባልና ሚስት ናቸው፣ ሁለቱም ሰባ ያለፋቸው። ሰውየው ፊት ለፊት ተቀምጠው ሻይ እየጠጡ ደንበኛ ያጫውታሉ። ባለቤታቸው ከመጋረጃው ጀርባ ፊልም ያጥባሉ፣ ያትማሉ። ጣቶቻቸው በኬሚካሉ ቡናማ ሆነዋል። እኔ ሁልጊዜ ማታ ማታ ጎራ እልና በተኮላተፈ ጃፓንኛዬ ሰውየውን በጥያቄ አጣድፋቸዋለሁ፤ ይህ ወረቀት ስንት ሰከንድ ብርሃን ይፈልጋል፣ ጥቁሩ እንዲህ የሚጠልቀው በምንድን ነው እላለሁ። ሰውየው አንገታቸውን ወደ መጋረጃው ያዞሩና ይጠይቃሉ። መልሱ ከውስጥ ይመጣል። እሳቸው ይደግሙልኛል። እኔም ደብተሬ ላይ በሰውየው ስም እጽፈዋለሁ። ስድስት ወር ሙሉ እንዲህ ነው ያደረግሁት።

ልመለስ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ፎቶ ልነሳ ሄድኩ። ሰውየው አልነበሩም። ሴትየዋ ወጡ፣ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉና አስቀመጡኝ። አገጬን በሁለት ጣት ትንሽ ወደ መስኮቱ አዞሩት። ከዚያ ዝም ብለው ቆሙ። በጣም ረጅም ጊዜ፣ ትከሻዬ እስኪላላ ድረስ። አንዴ ብቻ ነው ያነሱኝ።

ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ ፎቶ ተነስቼ አላውቅም። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ባየችው ቁጥር «ይህን ያነሳህ ሰው አዝኖልሃል» ትል ነበር፤ እውነቷን ነው፣ ያኔ አገሬ ናፍቆኝ ከስቼ ነበር። ፎቶው ዛሬም ሳሎኔ ተሰቅሏል። ከኋላው የፎቶ ቤቱ ማኅተም አለ፣ ማኅተሙ ላይ ያለው የባልየው ስም ነው። እንግዳ «ማን አነሳህ?» ሲለኝ አርባ ዓመት ገደማ ያንን ስም ስጠራ ኖርኩ። መዋሸቴ እንኳ አልታወቀኝም።

ስለ ብርሃንና ስለ ሌንስ አልመክራችሁም፣ እሱን ታውቁታላችሁ። ይልቅ ቅዳሜ ያልጠራኋቸውን ሴቶች ልጥራላችሁ።

ሺማ ርዩ በ1864 ባሏን ፎቶ አነሳች። በጃፓን ሴት ካነሳቻቸው የሚታወቀው የመጀመሪያው ፎቶ ያ ነው። ባሏ በ1870 ሲሞት ወደ ትውልድ ከተማዋ ኪርዩ ተመልሳ የራሷን ፎቶ ቤት ከፈተች። ያማዛዋ ኤይኮ በ1926 አሜሪካ ሄዳ የፎቶ አንሺዋ የኮንሱዌሎ ካናጋ ረዳት ሆነች፣ በ1931 ደግሞ ኦሳካ ላይ ፎቶ ቤት ከፈተች። ሳሳሞቶ ፁኔኮ በ1940 የጋዜጠኝነት ፎቶ ጀመረች፤ በ2022 ስታርፍ 107 ዓመቷ ነበር። እዚያው ዮኮሃማ ውስጥ ቶኪዋ ቶዮኮ ሴተኛ አዳሪዎችንና ሌሎች ሠራተኛ ሴቶችን አንስታ በ1957 መጽሐፍ አሳትማለች። እኔ ከተማዋ ውስጥ እየኖርኩ ስሟን አልሰማሁም። ኢሺዩቺ በ1979 የኪሙራ ኢሄይን የተባለውን የጃፓን የፎቶግራፍ ሽልማት ስትወስድ ከሴት የመጀመሪያዋ ነበረች። በኋላ የሞተች እናቷን ሊፕስቲክና የውስጥ ልብስ ያነሳችባቸውን ፎቶዎች እዩልኝ፣ ቀስ ብላችሁ እዩ።

እኔ ያስተማርኩት ዝርዝር የመጣው ከሌላ ቦታ ነው። በ1974 የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም «አዲሱ የጃፓን ፎቶግራፍ» ብሎ የ15 ሰው ሥራ አሳየ። አስራ አምስቱም ወንዶች። እኔም እነሱን እንደ ዳዊት ደገምኩ።

«ሴት ፎቶ አንሺ» ብሎ ለይቶ መጥራት አልወድም። በ1990ዎቹ የወጣት ሴቶችን ሥራ «የሴት ልጅ ፎቶ» እያሉ ሲጠሩት ፎቶ አንሺዋ ናጋሺማ ዩሪዬ ተቃውማ በ2020 መጽሐፍ ጽፋበታለች፣ ልክ ናት። ግን ይኸው እኔ ራሴ ለይቼ እየቆጠርኩ ነው። ካልቆጠርኩ እንደገና እረሳቸዋለሁ።

እናንተም ትረሳላችሁ። የዛሬ ልጆች በቀን ሦስት መቶ ፎቶ ታነሱና አንዱንም አታትሙም፣ ማን እንዳነሳው፣ ማን ብርሃን እንደያዘ አትጽፉም። ይሄ ያናድደኛል። ፎቶ ቤት ስትገቡ ከውስጥ ያለው ማን እንደሆነ ጠይቁ፣ ስሙን ከነአባቱ ጻፉ።

ትናንት ፎቶውን ከግድግዳ አወረድኩት። ከማኅተሙ በታች በእርሳስ «ያነሱኝ ባለቤታቸው ናቸው» ብዬ ጻፍኩና ለስማቸው ክፍት ቦታ ተውኩ። አንቺ የጠየቅሽኝ ልጅ፣ ቅዳሜ ይዤው እመጣለሁ።