ኮንጎ ጫማህን ዳርቻው ላይ አትተወው

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጅማ ተወልጄ ያደግሁ የ26 ዓመት መምህር ነኝ። ዋና የተማርሁት ሆቴል ገንዳ ውስጥ ነው። በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ጅቡቲ ሄጄ ከዳርቻ እየገባሁ መጥለቅ ልማር ተመዝግቤያለሁ። ዘመድ ያመጣልኝ ፊን (እግር ላይ የሚጠለቀው የዋና መቅዘፊያ) እንደ ጫማ እግርን ሙሉ በሙሉ የሚውጥ፣ ተረከዙ የተዘጋ ነው። ከውስጡ ምን ላድርግ? ድንጋዩንስ እንዴት ልለፈው?

መልስ፦ ሸራ ጫማህን አድርገህ ፊኑን ለማጥለቅ ሳትታገል አልቀረህም። ተወው፣ ላስቲኩን ትቀድደዋለህ። ይህ ዓይነቱ ፊን ለባዶ እግር የተሠራ ነው፤ ቢበዛ ኒዮፕሪን ከሚባለው ለስላሳ ላስቲክ የተሠራ ስስ ካልሲ ይችላል፣ እርሱም ተረከዝህን ከመላጥ ያድንልሃል። ወፍራሙ የጠላቂ ቦት የሚሄደው ተረከዙ ክፍት ከሆነው፣ በማሰሪያ ከሚጠብቀው ፊን ጋር ነው። ካልሲውን አድርገህ በርጩማ ላይ ቁጭ በልና ለካው። እግርህን ስታወዛውዝ ተረከዝህ ሾልኮ ከወጣ ሰፍቶሃል። ጣቶችህ ከታጠፉ ጠቦሃል፤ ጠባብ ፊን ውሃ ውስጥ ባትህን ጨምድዶ ይይዝሃል።

ለድንጋዩ ኮንጎ ጫማ ግዛ። ሂርማታ ገበያ የሚሸጠው፣ ክረምት ጭቃ የምንሻገርበት ያው ፕላስቲክ። ውሃ አይጠጣም፣ ጨውም አይጎዳውም። ነጠላ ጫማ ግን የመጀመሪያው ማዕበል ይወስድብሃል።

ኮንጎህን አድርገህ ፊኖቹን በእጅህ ይዘህ ግባ። በአሸዋ ላይ እግርህን አታንሳ፣ እየጎተትህ ሂድ፤ አሸዋ ውስጥ የተቀበረ፣ ጅራቱ መርዛም ዓሣ እንቅስቃሴህን ሰምቶ ይሸሽልሃል። ከወገብህ ሲደርስ አየር የሚሞላው ሰደሪያህ ተነፍቶ፣ ጭንብልህ ፊትህ ላይ፣ መተንፈሻውም አፍህ ውስጥ ይሁን። የጓደኛህን ትከሻ ያዝ፣ አንዱን እግር በሌላው ጉልበት ላይ አጣጥፍ፣ ኮንጎውን አውልቀህ ፊኑን አጥልቅ። ከዚያ በኋላ መራመድ ግድ ከሆነብህ ወደ ኋላ ነው። ወደ ፊት የሄድህ እንደሆነ የፊኑ ጫፍ ይታጠፍና በአፍንጫህ ትተከላለህ። ማዕበሉ እየተሰበረ ከሆነ ግን በአንድ እግር መቆም ስለማይቻል ያን ቀን ሻይህን ጠጣ።

ያወለቅኸውን ኮንጎ በገመድ ከሰደሪያህ ቀለበት ጋር እሰረው። በ1978 ዓ.ም. ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ሳለሁ ጫማዬን ዳርቻው ላይ ትቼ ገባሁ። ሞገዱ ገፍቶኝ በሌላ በኩል ወጣሁና በባዶ እግሬ የባሕር ጃርት ረገጥሁ። ጥቁር እሾሁ ቆዳ ውስጥ ገብቶ ይሰበራል፤ ልትነቅለው ስትሞክር ደግሞ እንደገና ይሰበራል። ሁለት ሳምንት አነከስሁ፣ የጓዶቼ ሳቅ ግን ከዚያም በላይ ቆየ።

ያልጠየቅኸኝን አንድ ነገር ልጨምርልህ። ለመጨረሻ ጊዜ ከጠለቅህ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይሞላህ አውሮፕላን አትሳፈር፤ በደምህ የቀረው ናይትሮጅን ከፍታ ላይ አረፋ ይሠራል። በባቡር እወጣለሁ ብለህም አትሸወድ፣ አዲስ አበባ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፣ ጅማም ቆላ አይደለችም። የመጨረሻዋን ቀን ዳር ተቀምጠህ ዓሣ ብላባት።