«ማን አለ?» ይጠብቃል ወይስ ይላላል?

ጥያቄ፦ ቸርችል ጎዳና ካለ ቢሮ ነው የምሠራው። በቴሌግራም ግሩፓችን «ስብሰባው ለሐሙስ ተዛውሯል» ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ ወዲያው «ማን አለ?» አሉ። «እኔ ነኛ! ምን ችግር አለው?» ብዬ በንዴት መለስኩ። ለካ ቢሮ ውስጥ ማን እንዳለ ነው የጠየቁት። ጥፋቱ የማን ነው?

መልስ፦ የፊደላችን ነው። ላልቶ የሚነበበው «አለ» (ተናገረ) የግእዙ «ብህለ» ነው። ብና ህ ተውጠው ል ብቻ ቀረች፤ «በል»፣ «ይበል» ስንል ግን ብ ብቅ ትላለች። ጠብቆ የሚነበበው «አለ» (ይገኛል) የግእዙ «ሀለወ» ነው፤ ጥብቀቱንም ከዚያው ይዞት መጣ። ሁለቱ በዘር አይገናኙም፣ የተገናኙት በጽሕፈት ብቻ ነው።

«ዐውዱ ይፈታዋል» የሚሉ አሉ። እርስዎን ያሳሳተዎት እኮ ዐውዱ ነው! ወሬ ነግረው ሳያበቁ «ማን አለ?» ሲመጣ አላልቶ ያላነበበ ማን አለ?

ደግነቱ መምታታቱ በሁሉም መደብ አይደለም። በ«አለ»፣ «አለች»፣ «አሉ»ና «አላችሁ» ብቻ ነው። «አለሁ»ና «አልኩ»፣ «አለህ»ና «አልክ»፣ በአሉታም «የለም»ና «አላለም» ለየቅል ናቸው። ስለዚህ «እኔ ነኛ» ከማለት «እኔ ነኝ ያልኩት» ቢሉ ኖሮ አለቃዎ ስሕተቱን ወዲያው ያዩት ነበር። (እኔ «አልሁ» ቢባል እመርጣለሁ። ግእዙ ራሱ «ኩ» ስለሚል ማስረጃው ከእኔ ጋር አይደለም፤ «አልኩ» ደግሞ ከ«አለሁ» ይበልጥ ይርቃል። ይሁን።)

አለቃዎስ ምን ይጻፉ? «ማን አለው?» አያድንም፤ ሲጠብቅ «በማን እጅ ነው?» ይሆናል። «ማን ነው ያለው?»ም ያው ነው። «ቢሮ ማን አለ?» ብለው ቦታውን ይጥቀሱ። ስለ ወሬው ከሆነ «ማን ነገረህ?» ይበቃል።

ከሁሉ የምወደው ግን ነጥቡን ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» የሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ነጥብ አድርገዋል፤ የኮምፒውተር ፊደላት መለያ ሥርዓት የሆነው ዩኒኮድም እ.ኤ.አ. በ2005 ለማጥበቂያ ምልክት ቦታ ሰጥቷል። የሚጽፈው ግን የለም። ከፒያሳ አራት ኪሎ በታክሲ የሚሄድ ሰው ነጥብ ከሚፈልግ ድምፁን ቀድቶ ይልካል። የሰው ቅጂ በታክሲ መስማት አልወድም፤ ል እንደምትጠብቅ ግን አልክድም።