መልስ፦ መብራት ከጠፋ የሆት ተቡን ውሃ ላፍስሰው ወይስ ልተወው?

ሰላም ወንድሜ፣ በዴንቨር ብርድ መብራት ጠፍቶብህ የሆት ተቡን፣ ማለትም ደጅ ያለውን የሙቅ ውሃ መዘፍዘፊያ ገንዳ፣ ውሃ አሁኑኑ ላፍስሰው ወይ ብለሃል። አትቸኩል። ክዳኑ ደህና ከሆነና ውሃው ሞቆ ከነበረ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቀን ያህል ይቆይልሃል። ብቻ ልጆቹ «እንየው» ቢሉም ክዳኑን አትክፈት፤ ሙቀቱ የሚያመልጠው በዚያ ነው።

ቀድሞ የሚጎዳው ገንዳው አይደለም። ከገንዳው ጎን ካለው ትንሽ በር ጀርባ ያሉት ፓምፑ፣ ማሞቂያውና ቀጫጭኖቹ ቧንቧዎች ናቸው። የያዙት ውሃ ጥቂት ስለሆነ ቶሎ በረዶ ይሆናል፤ በረዶ ሲሆን ደግሞ 9 በመቶ ያህል ስለሚሰፋ ይሰነጥቃቸዋል። ስለዚህ በጋዝ ምድጃ ውሃ አፍላና በደንብ በሚዘጋ ዕቃ አድርገህ እዚያ ውስጥ አስቀምጥ፣ ሲቀዘቅዝ ቀይር። ከውጭ በኩል በብርድ ልብስ ሸፍነው።

ትንሽ ጄኔሬተር ካለህ ሆት ተቡን ራሱን ለማስነሳት አትሞክር፣ አብዛኞቹ 240 ቮልት ይፈልጋሉ። ጄኔሬተሩን ጋራዥ ውስጥ እንዳታስነሳ፣ በሩ ክፍት ቢሆንም! የከሰል ጭስ ስንቱን በተኛበት እንዳስቀረ እናውቃለን፤ ይሄም ያው ነው። ከቤቱ ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ።

ቀኑ አልፎ መብራት ካልመጣና ውሃው ወደ 40 ፋራናይት ከወረደ፣ ያኔ ብሬከሩን (የኤሌክትሪክ ማቋረጫውን) አጥፍተህ አፍስሰው። የፓምፑንም የውሃ ማፍሰሻ ክዳን ፍታ። ቧንቧው ውስጥ የሚቀረውን ውሃ፣ ውሃ መምጠጥ በሚችል ቫኪዩም ምጠጠው፤ ካልቻልክ ለካምፕ መኪና ቧንቧ የሚሸጠውን ሮዝ አንቱፍሪዝ (ውሃ በረዶ እንዳይሆን የሚከላከል ፈሳሽ) ጨምርበት። ለመኪና ሞተር የሚሆነውን አንቱፍሪዝ ግን በፍጹም፣ መርዝ ነው።