ቁልፉን ከሰጠነው በኋላስ? ከሲስተር ጋር ጥያቄና መልስ

ሲስተር፦ ሰላም ቤተሰብ። እንደምታውቁት የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ። የዛሬው ጉዳያችን ደሴና ኮምቦልቻ በረንዳ ላይ የሚያድሩ ሕሙማንን ቤት ማስገባት ነው። በቅድሚያ ግን፦ በየቀኑ አረቄ የሚጠጣን ሰው በር ዘግታችሁ በአንዴ አታስቁሙት፤ ሊሞትባችሁ ይችላል። በሉ ጠይቁ።

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦ ሲስተር፣ ባዶ ሰርቪስ ክፍል አለኝ። ሰፈራችን በረንዳ የሚያድር፣ ብቻውን የሚያወራ ሰው አለ። ባስገባው ምን ይገጥመኛል?

ሲስተር፦ እንዲህ ጠይቁኝ እንጂ! መጀመሪያ አካባቢ አይከብድህም፤ ፍራሽ የሚያመጣው፣ ፎቶ የሚያነሳው ሰው ብዙ ነው። ጣጣው ሰው ሲበተን ይመጣል። አልጋውን ትቶ መሬት ይተኛል፣ በሩን ከፍቶ ያድራል፣ አንድ ቀን ደግሞ ተመልሶ በረንዳው ላይ ታገኘዋለህ። ጥጋብ እንዳይመስልህ። እዚያ ሻይ የምታቀምሰው ሴት፣ ፍርፋሪ የሚያቆይለት ምግብ ቤት አለ። አንተ ክፍል ውስጥ ግን እሱና የሚሰማው ድምፅ ብቻቸውን ቀሩ። ስለዚህ በሩን በየቀኑ የሚያንኳኳ ሰው ሳታገኝ ቁልፍ አትስጥ። ክኒን የሚረሳ ከሆነ በወር አንዴ ገደማ የሚወሰድ መርፌ ስላለ ሐኪሙን ጠይቁ። እሱንም ጠይቁት እንጂ፤ መግባት ይፈልጋል ወይ?

ደግሞ መታወቂያ አለ። የቀበሌ መታወቂያ ለማውጣት የቤት ቁጥር ይጠየቃል፣ ቤት ለመከራየት መታወቂያ ይጠየቃል። በጤና መድኅን የድሃ ድሃ ተብሎ በነጻ እንዲታከም የሚመለምለው ቀበሌ ነው፤ ቀበሌ የማያውቀውን ሰው ማን ይመለምለዋል? ሄደህ «እኔ ጊቢ ነው የሚኖረው» ብትል ከፍራሹ ይበልጥ ትጠቅመዋለህ።

አራዳ፦ የአእምሮ ሕመም ይድናል?

ሲስተር፦ የትኛው? ጥያቄህን አስተካክለህ ና።

ወሎዬዋ፦ ወንድሜ ጫት ይቅምና ለጨብሲ፣ ምርቃናውን ሊሰብር፣ አረቄ ቤት ይገባል። አከራዮች ደጋግመው አስወጡት። ሱሱን ይተውና ቤት እንከራይለት፣ ወይስ ቤቱ ይቅደም?

ሲስተር፦ አብሽሪ እህቴ። እኔ ቤቱ ይቅደም ባይ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ1992 ኒውዮርክ ላይ ሳም ሴምቤሪስ የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ «ሳትጠጣ ና» የሚለውን ቅድመ ሁኔታ አንስቶ ቤቱን በቀጥታ መስጠት ጀመረ። ካናዳ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በአምስት ከተሞች ሞከረችው። ቤት የተሰጣቸው ካልተሰጣቸው በእጅጉ በተሻለ ቤታቸው ጸንተው ኖሩ። መጠጡና ሱሱ ላይ ግን ያን ያህል ልዩነት አልታየም። ይህን የምነግርሽ ወንድምሽ ቤት ገብቶ ሲጠጣ «ከንቱ ለፋሁ» እንዳትዪ ነው። ቤት ቤት ነው፣ የሱስ ሕክምና ለብቻው ሥራ ነው።

አረቄውን ለማቆም ሲወስን ሆስፒታል ውሰጂው። ካቆመ ከሰዓታት በኋላ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቀዋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል፤ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ድረስ ደግሞ የሌለ ነገር እያየ ሊቃዥ ይችላል። ሰው ጂኒ ነው ብሎ ያስረዋል። ሐኪም ግን በዳያዜፓምና በቪታሚን ቢ1 ያሳልፈዋል። ጫት ሲያቆሙት ያስተኛል፣ ያስከፋል፣ አይገድልም።

ሸዋ በር፦ መጀመሪያ ጫት ይታገድ! የዚህ ሁሉ ምንጭ እሱ ነው።

ጦሳ፦ አባቶቻችን ዱዓ ላይ ቅመው አብደው ነው? በረንዳውን የሞላው ሌላ ከተማ በሌሊት በመኪና ጭኖ የሚያራግፍብን ነው።

ሸዋ በር፦ እኛስ ባለሥልጣን ሲመጣ የት ነው የምንጭናቸው?

ሲስተር፦ ሸዋ በር እውነቱን ነው። የተጫነ ሰው መድኃኒቱም፣ ካርዱም፣ የሚያውቀው ሰውም ይቋረጥበታል። አሁን ስለ ጫት ክርክራችሁን ሌላ ቦታ ውሰዱልኝ።

እትዬ፦ ሲስተር፣ ልጄን ጸበል ልውሰደው? ሌሎች ደግሞ ሩቅያ ይሉኛል።

ሲስተር፦ እትዬ፣ ይውሰዱት። መድኃኒቱን ግን እንዳያስቋርጡት፣ እንዳይታሰርም አደራ።

የሐይቅ ልጅ፦ ለምን እንደ መቄዶንያ ትልቅ ጊቢ አይሠራም? ሁሉም እዚያ ቢገባ ያልቃል።

ሲስተር፦ አያልቅም። መቄዶንያ ራሱን ማንሳት ያቃተውን ሰው አንስቷል፣ ይባረክ። ግን ሁሉም በረንዳ አዳሪ እንደዚያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የአዲስ አበባ ጥናት 217 ጎዳና አዳሪዎችን አይቶ 41 በመቶው ከእውነታ የሚያፋታ ከባድ የአእምሮ ሕመም እንዳለበት አገኘ። ከእነዚህ ሕክምና ያገኙት ከአሥር አንድ ያህሉ ናቸው። ከጎደለው ብዙው ክትትል ነው፣ ለሱ ደግሞ አጥር አያስፈልግም።

ገራዶ፦ ከጦርነቱ ወዲህ ለምን በዙ?

ሲስተር፦ በእኛ አቆጣጠር በ2014 ሆስፒታሎቻችን ተዘርፈው የስንቱ መድኃኒት ተቋረጠ? ሰው ቤቱን ጥሎ ሲሸሽስ? ራስህ አስበው።

ኮምቦልቻ፦ ጎረቤታችን አረቄ እንዲተው ዘግተንበት ሁለተኛ ቀኑ ነው። እየተንቀጠቀጠ ነው፣ ሎሚ እንስጠው?

ሲስተር፦ ወላሂ ታደክሙኛላችሁ! ገና ስጀምር ምን ብዬ ጻፍኩ? ሎሚውን ተወውና አሁኑኑ ባጃጅ ጥራ፣ ሆስፒታል አድርሰው። ስትደርሱ ጻፍልኝ።

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦ በየቀኑ የሚያንኳኳው ሰው ከየት ይመጣል? እኔ ሥራ እውላለሁ።

ሲስተር፦ ቅሬያችሁን፣ እድራችሁን ማለቴ ነው፣ ጠይቅ። ለቀብር ድንኳን በተራ የሚተክል ቅሬ፣ በሕይወት ላለ ሰው በተራ በር ለማንኳኳት አያንስም። ኪራዩንም ቅሬው ቢይዘው ጥሩ ነው፣ አንተ ብትታመም ሰውዬው አይወጣም። ደሴ በእኛ አቆጣጠር በ2009 የከተማ ሴፍቲኔት ከጀመሩት 11 ከተሞች አንዷ ነበረች፤ የጎዳና ተዳዳሪዎችን የሚመለከት ክፍልም ነበረው። ዘንድሮ ምን እንዳለ ማኅበራዊ ጉዳይን ጠይቅ።

አራዳ፦ ሲስተር፣ የእኔ ጥያቄስ? ይድናል?

ሲስተር፦ የትኛው አልኩህ እኮ። ተራዬ ደርሷል፣ ዋርድ ልግባ። ኮምቦልቻ፣ ደረሳችሁ?

ኮምቦልቻ፦ መንገድ ላይ ነን።