የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የማያውቁት ሐይቅ ዳር ሲደርሱ

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ በመንጠቆ ላጠምድ ሦስት ጊዜ ሎጎ ሐይቅ ወርጄ ሦስቱንም ጊዜ ባዶ እጄን ተመለስኩ። መንጠቆዬ ትልቅ፣ ክሩም ወፍራም ነው፤ ጠንካራ ይሻላል ብዬ ነው የገዛሁት። በሚመጣው ወር ደግሞ አይቼው ወደማላውቀው አርዲቦ ሐይቅ ልሄድ ነው። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ የያዙት መሣሪያ የአምባዛ ነው። ቆሮሶ አፉ ጠባብ ስለሆነ ትሉን ከዳር ከዳር ቆንጥሮ ይሄዳል እንጂ ትልቅ መንጠቆ አይውጥም። 8 ወይም 10 ቁጥር መንጠቆ ይግዙ። የመንጠቆ ቁጥር ሲጨምር መጠኑ እያነሰ እንደሚሄድ ያስታውሱ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ክሩ ከ0.20 እስከ 0.25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ይበቃል።

ከመሣሪያው ይልቅ የሚያሳስበን ግን ቦታው ነው። ሎጎ ሐይቅ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ጥልቁ ከ80 ሜትር ያልፋል። ታችኛው ውሃ ኦክስጅን ስለሚያጥረው ቆሮሶ አይኖርበትም፤ የሚበላውም የሚራባውም ዳር ዳሩን ነው። ሐይቁ ያን ያህል ሰፍቶ ሳለ ለመንጠቆ የሚሆነው ክፍል እንደ ነጠላ ጥለት ቀጭን ነው። ከዳር ቆመው በሙሉ ጉልበትዎ አርቀው ሲወረውሩ ዓሣውን አልፈውት ይሄዳሉ ማለት ነው።

ስለዚህ አዲስ ሐይቅ ሲደርሱ የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት ለመለካት ይስጡት። ሃያ ሜትር ሲባጎ ወስደው በየሜትሩ ይቋጥሩት፤ ጫፉ ላይ መቶ ግራም የሚሆን እርሳስ ወይም ትልቅ ብሎን ይሰሩ። የእርሳሱን ሥር ሞራ ይቀቡት። ወርውረው ቀስ ብለው ሲስቡት እጅዎ ይነግርዎታል፤ ድንጋይ ከሆነ ይንኳኳል፣ ጭቃ ከሆነ ያዝ አድርጎ ይለቃል፣ አሸዋ ከሆነ ያለችግር ይንሸራተታል። ሲያወጡት ደግሞ ሞራው ላይ የተጣበቀውን ይመልከቱ። አሸዋው አልቆ ጭቃው የሚጀምርበትን፣ ወይም ፊላው አልቆ ገላጣው ውሃ የሚጀምርበትን ጠርዝ ካገኙ እዚያው ይቀመጡ። ቆሮሶ የሚመላለሰው በጠርዝ ነው።

ጥልቀቱን ለማወቅ ክሩ ላይ የሚንሳፈፈው ቡሽ ይበቃል። መንጠቆው ላይ ከበድ ያለ እርሳስ ለጊዜው ያስሩና ይጣሉት። ቡሹ ከሰጠመ ውሃው እርስዎ ከገመቱት ይጠልቃል፤ ቡሹን ወደ ላይ ይግፉት። ጋደም ካለ ክሩ ረዝሟል፤ ወደ ታች ያውርዱት። ጫፉ ብቻ ብቅ ብሎ ቀጥ ሲል ልኩን አገኙ። ከዚያ ከባዱን እርሳስ ፈትተው ከመንጠቆው አንድ ስንዝር ተኩል ከፍ ብሎ አንዲት ትንሽ እርሳስ ያድርጉና መንጠቆውን ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ያድርጉት። ከአንድ እስከ ሦስት ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ መጀመር ጥሩ ነው።

ትሉን ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጠው መንጠቆውን በሙሉ ያልብሱት። ትል ካጡ የስንዴ ሊጥ ጠንከር አድርገው ይለውሱ፤ ትንሽ የጥጥ ብናኝ ከገባበት ቶሎ ታጥቦ አይሄድም። ዓሣውን ለመሰብሰብ ፉርሽካ ከጭቃ ጋር አድቦልቡለው በየግማሽ ሰዓቱ አንድ ጭብጥ ይጣሉ። ከዚያ ካበዙት ዓሣው ይጠግብና መንጠቆውን ይተወዋል። ቡሹ ሲርገበገብ አይሳቡ፤ ገና እየቆነጠረ ነው። ወደ ጎን ሲንሸራተት በእጅ አንጓ ብቻ ቀለል አድርገው ይሳቡ። ፀሐይ ከፊትዎ ትሁን፤ ጥላዎ ውሃው ላይ ካረፈ ዳር ያለው ዓሣ ሁሉ ይሸሻል። በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ጠዋት አራት ሰዓት ሳይሆን መድከም አያስፈልግም፤ በሚያዝያና በግንቦት ግን ጎህ ሲቀድ ይድረሱ።

ጥልቀት በሌለው አሸዋ ላይ እንደ ሳህን የተቦረቦሩ ክብ ጉድጓዶች ካዩ የወንዱ ቆሮሶ ጎጆዎች ናቸው። እንስቷ እንቁላሏን የምታቅፈው በአፏ ነው። የያዙት ዓሣ አፍ ውስጥ ከሰናፍጭ ፍሬ ከፍ ያለ ቢጫ እንቁላል ካዩ እዚያው በውሃው ውስጥ መንጠቆውን ነቅለው ይልቀቋት። ይህን አደራ እንላለን።

አርዲቦ ከሎጎ ከፍ ብሎ የሚገኝ፣ በስፋትም የሚያንስ ሐይቅ ነው፤ ትርፍ ውሃው በአንከርካ ወንዝ ወደ ሎጎ ይወርዳል። አለካኩ ያው ነው። እዚያ ካርፕ የሚባል ዓሣም አለ። ካርፕ ጭቃ እየቆፈረ ስለሚበላ ጥቃቅን አረፋ በመስመር ተከታትሎ ብቅ ሲል ያዩታል። ለእሱ 6 ቁጥር መንጠቆና 0.30 ክር ይዘው፣ የበቆሎ ንፍሮ ሰክተው ወለሉ ላይ ያሳርፉት። ከመሄድዎ በፊት የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ስለ ፈቃድ ይጠይቁ፤ የአካባቢው አስጋሪዎች መረብ የጣሉበትንም አይጠጉ።

ጥያቄ፦ ከደሴ ነኝ። አምባዛ የመንጠቆዬን ክር እየበጠሰ አስቸገረኝ።

መልስ፦ የተበጠሰውን ጫፍ ይመልከቱ። እንደ ቁንዳላ ተጠቅልሎ ከሆነ ቋጠሮው ተፈቷል፤ አምስት ጊዜ ጠምዝዘው ከማጥበቅዎ በፊት በምራቅ ያርጥቡት፤ ናይለን በደረቁ ሲጠብቅ በሰበቃ ይግላል፣ ይደክማልም። ጫፉ ከሻከረ ግን የአምባዛው ጥርስ ነው። ጥርሱ ባይነክስም እንደ ሞረድ ይፈገፍጋል፤ ከመንጠቆው በላይ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር 0.60 ክር ይቀጥሉ። ሲይዙት የጎን ክንፉ እሾህ እንዳይወጋዎት ከጭንቅላቱ ኋላ፣ ከሁለቱ እሾሆች ሥር ይጨብጡ።

ጥያቄ፦ የውጫሌ ልጅ ነኝ፤ አሁን ሚኒሶታ እኖራለሁ። እዚህ ሰው ሁሉ የሚያወራው ዎልአይ ስለሚባል ዓሣ ነው። ሐይቁ ሺህ ነው፤ የቱ ጋ ልፈልገው?

መልስ፦ አንተስ ሲባጎም ሞራም አያስፈልግህም። የግዛቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት የብዙ ሐይቆችን የጥልቀት ካርታ በድረ ገጹ በነፃ አስቀምጧል። መስመሮቹ ተጠጋግተው ቆይተው የሚራራቁበትን፣ ከጥልቁ መሃል ከፍ ያለ ጉብታ ያለበትን፣ ወደ ውሃው የገባ የመሬት ምላስ ያለበትን ሦስት አራት ቦታ ምልክት አድርግ። ዎልአይ ሌላ ዓሣ አሳዶ የሚበላ ነው፤ የዓይኑ ብሌን በስተኋላው ብርሃን የሚመልስ ሽፋን ስላለው በደብዛዛ ብርሃን ከሚያድነው ዓሣ በተሻለ ያያል። ስለዚህ ንጋትና ምሽት፣ ደመና ያለበት ቀን፣ ነፋስ ማዕበሉን የሚገፋበት ዳርቻ ይመረጣል። ውሃው ጥርት ብሎ ፀሐይ ከወጣ ወደ ጥልቁ ይወርዳል፤ በበጋቸው ግን ኦክስጅን ከሚያልቅበት ንብርብር በታች እሱም አይወርድም፤ የሎጎው ነገር እዚያም አለ።

ጂግ የሚሉትን እርሳስ ራስ ያለው መንጠቆ ግዛ፤ እስከ ሦስት ሜትር ጥልቀት 3.5 ግራም፣ ከዚያ በላይ 7 ግራም። ማጥመጃው፣ አገር ቤት ያለ ሰው ሲሰማ ይገርመዋል፣ አልቅት ነው። መንጠቆውን በሰፊው፣ በሚጣበቅበት ጫፍ አሳልፍ፤ ያኔ እየዋኘ ይቆያል። ወለሉን ሲነካ አንድ ስንዝር አንሳው፤ ክሩን ሳታላላ አውርደው። ብዙ ጊዜ የሚነክሰው ሲወርድ ነው፤ ቸክ ይላል፣ ወይም እርሳሱ ድንገት ይከብዳል። የሚፈቀደው የዓሣ ቁጥርና ርዝመት ከሐይቅ ሐይቅ ስለሚለያይ ፈቃድህን ስታወጣ የዚያኑ ሐይቅ ደንብ ለይተህ ጠይቅ። መንጠቆውን ስትነቅል በጣትህ አትሞክር፤ ጥርሱ የቆሮሶ አይደለም፣ ፒንሳ ያዝ። የተረፈህን አልቅት ክዳን ባለው ዕቃ በቀዝቃዛ ውሃ አድርገህ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጥ፤ ውሃውን በየቀኑ ከቀየርክለት ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይደርሳል።