ፋክተራይዝ ማድረግ ለሚያስጨንቃችሁ ልጆች

ልጆች፣ ችግራችሁ ፋክተራይዝ ማድረጉ ላይ፣ ማለትም እንደ ኤክስ ስኩዌር ሲደመር 10 ኤክስ ሲደመር 24 ያለውን ወደ ሁለት የሚባዙ ነገሮች መልሶ መበተኑ ላይ አይመስለኝም፤ ማባዛቱ ላይ ነው። ቀያሽ ሆኜ ያረጀሁ ሰው ነኝ። አሁን ኮየ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፤ ማታ ማታ የሰፈር ልጆች ደብተራቸውን ይዘው ይመጣሉ። "ጋሼ፣ ሁለቱን ቁጥሮች ማግኘት አቃተኝ" ይሉኛል። እኔ ደግሞ "እስቲ መጀመሪያ ኤክስ ሲደመር 4ን በኤክስ ሲደመር 6 አባዛልኝ" እላለሁ። ብዙዎቹ እዚያው ላይ ይንገዳገዳሉ።

በርጋታ አባዙት። ኤክስ በኤክስ፣ ኤክስ ስኩዌር። ከዚያ 6 ኤክስ፣ ቀጥሎ 4 ኤክስ፣ መጨረሻ ላይ 24። መካከለኞቹ ሲደመሩ 10 ኤክስ ይሆናሉ። አያችሁ? 10 የ4 እና የ6 ድምር ነው፣ 24 ደግሞ ብዜታቸው። አስተማሪያችሁ "ተባዝተው ይህን፣ ተደምረው ያንን የሚሰጡ ሁለት ቁጥሮች ፈልጉ" የሚላችሁ ለዚህ ነው እንጂ ከሰማይ የወረደ ሕግ ሆኖ አይደለም።

ይህ ከገባችሁ ግምት አቁሙ። 24 የሚሰጡትን ጥንዶች በተራ ጻፉ፦ 1 እና 24፣ 2 እና 12፣ 3 እና 8፣ 4 እና 6። አለቀ። ድምሩ 10 የሆነውን ትመርጣላችሁ። የማባዛት ሠንጠረዥ በቃሉ የማይዝ ልጅ እዚህ ጋ ፍዳውን ያያል።

"ይሄ ምን ያደርግልኛል?" የሚል አይጠፋም። እዚህ ከተማው ዳር በቆርቆሮ የታጠረ ቦታ ሞልቷል። አንዱ 150 ካሬ ነው እንበል፤ ርዝመቱ ከወርዱ በ5 ሜትር ይበልጣል። ወርዱን ኤክስ በሉት። ኤክስ ሲባዛ በኤክስ ሲደመር 5፣ እኩል ይሆናል 150። አንዳንዱ እዚሁ ላይ ቸኩሎ "ኤክስ 150 ነው" ይላል። ኧረ ተው! መጀመሪያ 150ውን ወደ ግራ አምጡና ቀኙን ዜሮ አድርጉ። ሁለት ነገሮች ተባዝተው ዜሮ ከሰጡ አንዳቸው የግድ ዜሮ ነው፤ 150 ከሰጡ ግን ስለ አንዳቸውም የምታውቁት ነገር የለም። የዘዴው ጉልበት ያለው ዜሮው ላይ ነው።

አሁን ኤክስ ስኩዌር ሲደመር 5 ኤክስ ሲቀነስ 150 አላችሁ። መጨረሻው ኔጋቲቭ ስለሆነ ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጋቲቭ ነው፦ 15 እና ኔጋቲቭ 10። ስለዚህ ኤክስ ሲደመር 15፣ ሲባዛ በኤክስ ሲቀነስ 10፣ እኩል ይሆናል ዜሮ። ኤክስ ወይ 10 ነው፣ ወይ ኔጋቲቭ 15። ወርዱ ኔጋቲቭ የሆነ ካርታ በዕድሜዬ አላየሁም፤ ወርዱ 10፣ ርዝመቱ 15 ሜትር ነው። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባግዳድ የኖረው የሒሳብ ሊቅ አል ኽዋሪዝሚም ኤክስ ስኩዌር ሲደመር 10 ኤክስ እኩል ይሆናል 39 የሚለውን ካሬ እየሣለ ሲፈታ 3 ብሎ ነው ያለፈው። ኔጋቲቭ 13ን ከቁጥር አላስገባውም። እናንተ ግን ፈተና ላይ ሁለቱንም ጻፉ፤ የሚጣለው ጥያቄው ስለ መሬት ወይም ስለ ርዝመት ሲሆን ነው።

መልሳችሁን ለማረጋገጥ ማንንም አትጠይቁ። መልሳችሁ አባዙት፤ የተነሳችሁበት ላይ ካደረሳችሁ ልክ ነው።

ደግሞ ሁሉም ፋክተራይዝ አይሆንም። ኤክስ ስኩዌር ሲደመር 5 ኤክስ ሲደመር 3ን እዩት። ተባዝተው 3 የሚሰጡት ፖዘቲቭ ሙሉ ቁጥሮች 1 እና 3 ብቻ ናቸው፣ ድምራቸው ደግሞ 4 እንጂ 5 አይደለም። ከተጠራጠራችሁ የመካከለኛውን ቁጥር ስኩዌር ውሰዱ፣ 25። ከሱ ላይ 4 ጊዜ 3ን ቀንሱ፣ 13 ይቀራል። የ13 ስኩዌር ሩት ሙሉ ቁጥር አይደለም፤ ስለዚህ የሙሉ ቁጥር ጥንድ አታገኙለትም። ጊዜ ሳታቃጥሉ ፋክተራይዝ የማይሆነውንም ወደሚፈታው ቀመር፣ ወደ ኳድራቲክ ፎርሙላው እለፉ።